የበርበሬ ድንች ቺፕስ እሽግ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር በሚዛን ማውጣት፦ የሥራ ማስታወሻ ከሐዋሳ

ሳምንት 1፦ መነሻ ልኬት

ሥራው በርበሬ የተነሰነሰበት የድንች ቺፕስ በ30 ግራም እሽግ ማዘጋጀት ነው። በእሽጉ ጀርባ የሚሰፍረው የኃይል፣ የስብ፣ የፕሮቲንና የጨው መጠን ከሌላ እሽግ ሳይገለበጥ ከራሳችን ድስት እየተለካ ይወጣል።

ዕቃ፦ እስከ 15 ኪሎ የሚመዝንና በ1 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ለቅመም በ0.1 ግራም የሚያነብ ትንሽ ሚዛን፣ ዘንግ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ ውፍረቱ የሚስተካከል የእጅ መክተፊያ፣ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ)፣ 10 ሊትር የሚይዝ የማይዝግ ድስት፣ የሽቦ ማጥለያ፣ ሦስት ሳፋ፣ የሲሊንደር ጋዝ ምድጃ። የኤሌክትሪክ ምድጃውን ትተነዋል። መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ድንቹም ዘይት ይጠጣል፤ ያ ዙር ለልኬት አይሆንም።

ስብ ያለ ላቦራቶሪ የሚለካው እንዲህ ነው። ድስቱን ከነዘይቱ መመዘን፤ ጠብሶ መጨረስ፤ ዘይቱ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ (ትኩስ ድስት ሚዛን ላይ አይወጣም፣ ሚዛኑም ይበላሻል፣ እጅም ይቃጠላል)፤ ፍርፋሪውን አጥልሎ እንደገና መመዘን። የጎደለው ዘይት ሁለት ቦታ ነው የሄደው፦ ቺፕሱ ውስጥና ማጥለያው፣ ወረቀቱ፣ ጭልፋው ላይ። ማጥለያውንና ወረቀቱን በፊትና በኋላ ከመዘኑ ሁለተኛው ይታወቃል።

የመጀመሪያው ዙር፦ 5 ኪሎ ድንች ከገበያ፣ ተልጦና ዓይኑ (የሚያቆጠቁጥበት ጉድጓድ) ወጥቶ 4.3 ኪሎ፣ ውፍረቱ 1.1 ሚሊ ሜትር። የወጣው ቺፕስ 1,360 ግራም። ከድስቱ የጎደለው ዘይት 600 ግራም፣ ወረቀትና ማጥለያ ላይ የቀረው 43 ግራም። ቺፕሱ ውስጥ የገባው 557 ግራም ነው ማለት ነው። 41 በመቶ ስብ። ወደ ኃይል ሲቀየር በ100 ግራም 575 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይመጣል።

ይህ በጣም ብዙ ነው። በፋብሪካ የሚመረት የተለመደ ቺፕስ ከ33 እስከ 37 በመቶ አካባቢ ነው። ጥሬ ድንች ደግሞ በ100 ግራም 77 ኪሎ ካሎሪ ብቻ አለው፤ 79 ግራሙ ውኃ፣ 2 ግራሙ ፕሮቲን፣ ስቡ 0.1 ግራም ብቻ። ስለዚህ እሽጉ ላይ የሚጻፈው ስብ ከድንቹ የመጣ አይደለም፤ ከመክተፊያው፣ ከቴርሞሜትሩና ከማጥለያው የመጣ ነው። ከሌላ አምራች የተገለበጠ ሠንጠረዥ የሚዋሸውም እዚህ ጋ ነው፤ ያ ቁጥር የእነሱን ድስት ነው የሚናገረው።

ሳምንት 2፦ ቴርሞሜትሩ

41 በመቶ የመጣበት ዋና ምክንያት ቴርሞሜትሩን «ያረምንበት» መንገድ ነው። የሚፈላ ውኃ ውስጥ ሲገባ 94.4 አነበበ። 100 መሆን አለበት ተብሎ 5.6 ዲግሪ እንደሚያጎድል ተቆጠረና በየንባቡ ላይ ተደመረ። ይህ ስሕተት ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። አዳማም ከፍታዋ ስለሚቀራረብ ብዙ አይለይም፤ አዲስ አበባ ወደ 92 ይወርዳል። ቴርሞሜትሩ ልክ ነበር። እኛ 173 ነው ስንል ዘይቱ 167 ላይ ነበር።

ትክክለኛው መፈተሻ በረዶ ነው። በረዶውን አድቅቆ ብርጭቆ እስኪሞላ መጨመር፣ በመሀሉ ያለውን ክፍተት ብቻ የሚሞላ ውኃ ማከል፣ ማማሰል፣ ዘንጉን ታችና ጎን ሳያስነኩ መሀል ላይ መያዝ። 0.2 አነበበ። ምንም እርማት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ጥፋት የጭነቱ መጠን ነው። በ5 ሊትር ዘይት (4.6 ኪሎ) ላይ 600 ግራም ቁራጭ ሲገባ ሙቀቱ ወደ 132 ወረደ፤ ቁራጩም 5 ደቂቃ ያህል ዘይት ውስጥ ቆየ። አሁን የምንሠራው በ175 ጀምረን፣ በአንድ ዙር 300 ግራም ብቻ ጨምረን ነው። ሙቀቱ ወደ 154 ይወርድና ሲያልቅ ወደ 165 ይመለሳል። ጊዜው 2 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ነው። መውጫውን የሚያሳየው ሰዓት ሳይሆን አረፋው ነው፤ መንጨርጨሩ ጸጥ ሲል ውኃው አልቋል።

በዚህ ለውጥ ብቻ፣ በዚያው ድንችና በዚያው ውፍረት፣ ስቡ 38.2 በመቶ ሆነ።

ሳምንት 3፦ ድንቹ

ገበያ ላይ ድንች የሚሸጠው በዝርያ ስም አይደለም። ከሻሸመኔ በኩልም ከሀገረ ሰላምም የመጣው አንድ መደብ ላይ ይቀላቀላል። ለቺፕስ ወሳኙ ደረቅ ይዘቱ ነው፣ ማለትም ውኃው ሲወጣ የሚቀረው፤ ውኃው የበዛ ድንች ውኃው በወጣበት ቦታ ዘይት ይተካል፣ ከአንድ ኪሎ የሚገኘው ቺፕስም ያንሳል።

በጨው ውኃ መለየት ይቻላል። ለ1 ሊትር ውኃ 126 ግራም ጨው ማሟሟት። ጨዋችን ንጹሕነቱ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ማረጋገጫው ሚዛን ነው፦ የተዘጋጀው ውኃ 1 ሊትሩ 1,080 ግራም መመዘን አለበት። ከጎደለ ጨው፣ ከበዛ ውኃ። ታጥቦ የደረቀ ድንች ሲጨመርበት የሚሰምጠው ደረቅ ይዘቱ ከ20 በመቶ ገደማ በላይ ነው፤ የሚንሳፈፈው ለወጥ ይሁን።

ከገበያው ቅልቅል 20 ድንች ተፈትኖ የሰመጠው 6 ብቻ ነው። በለጤ የተባለው ዝርያ (ሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው) ከአንድ አምራች በቀጥታ ተገዝቶ 17ቱ ሰመጡ። የበለጤው ደረቅ ይዘት በአማካይ 22 በመቶ፣ የገበያው 19 በመቶ ነው። በኪሎ የ4 ብር ልዩነት ከፍለንበታል፤ ያዋጣል።

አረንጓዴ የነካው ድንች ከመላጡ በፊት ይለያል። አረንጓዴው ራሱ ክሎሮፊል ነው፣ አይጎዳም፤ ነገር ግን ብርሃን ያገኘ ድንች ሶላኒን የተባለውን መርዝም ያበዛል። መጥበስ ሶላኒንን አያጠፋም ማለት ይቻላል። ውኃው ሲወጣ ደግሞ የአራት ኪሎ ድንች ይዘት አንድ ኪሎ ቺፕስ ውስጥ ይጠራቀማል። በጥሬው በኪሎ 200 ሚሊ ግራም የሚለው የተለመደ ጣሪያ ለቺፕስ ሠሪ ሰፊ መስሎ መታየት የለበትም። ልጣጩን ወፈር አድርጎ ማንሳት አብዛኛውን ያወጣል፤ ከቆዳው በታች የዘለቀ አረንጓዴ ያለበት ይጣላል።

ውፍረት፦ 1.1፣ 1.5 እና 2 ሚሊ ሜትር ተሞከሩ። ስስ ቁራጭ ከክብደቱ አንጻር ፊቱ ሰፊ ስለሆነ ዘይት ይበዛበታል። 2 ሚሊ ሜትሩ ስቡ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ግን ዳሩ ሲደርቅ መሀሉ እርጥብ ቀረ፤ ምድጃ ውስጥ በ105 ዲግሪ ለሦስት ሰዓት ሲደርቅ 4 በመቶ ውኃ ወጣበት። በማግስቱ ለስልሶ ጥርስ ላይ ይጎተታል። 1.5 ተመረጠ። የመክተፊያው ምላጭ ሲደነዝዝ ፊቱን ይቧጭረዋል፣ የተቧጨረ ፊት ደግሞ ዘይት ይይዛል፤ በየ40 ኪሎው ምላጭ እንቀይራለን። ውጤት፦ 35.6 በመቶ።

የማቀዝቀዣው ጥፋት (በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት መሀል)

ከበለጤው 15 ኪሎ እንዳያቆጠቁጥ ተብሎ በ4 ዲግሪ ማቀዝቀዣ ውስጥ 9 ቀን ተቀመጠ። በወጣ ጊዜ መልኩ ያማረ ነበር። ሲጠበስ በአንድ ደቂቃ ተኩል ጠቆረ፣ መረረ። ሙቀቱም ውፍረቱም እንደ ቀድሞው ነው።

ምክንያቱ፦ ድንች በቅዝቃዜ ስታርቹን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይለውጣል። እነዚህ ስኳሮች አስፓራጂን ከሚባለው አሚኖ አሲድ ጋር ከ120 ዲግሪ በላይ ሲገናኙ ቡናማ ቀለም ብቻ ሳይሆን አክሪላማይድም ይፈጥራሉ። አክሪላማይድ በተጠበሰ ምግብ ውስጥ እንዳለ የታወቀው በ2002 እ.ኤ.አ. ስዊድን ውስጥ ነው፤ ለካንሰር አጋላጭ ሊሆን እንደሚችል የሚቆጠር ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ለድንች ቺፕስ የማነጻጸሪያ ልክ አድርጎ ያስቀመጠው በኪሎ 750 ማይክሮግራም ነው። ይህ ቁጥር እሽግ ላይ አይጻፍም፣ በልቶ የሚያውቀውም የለም። ቺፕስ በብዛት የሚበሉት ልጆች ስለሆኑ የጠቆረውን ሁሉ ጥለነዋል፤ በበርበሬ ቀለም መሸፈን ይቻል ነበር፣ አልተደረገም። በርበሬ የጠቆረ ቺፕስን እንደሚደብቅ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ለቀማው ቅመም ሳይነሰነስ በፊት ነው።

የተቀረው 8 ኪሎ ጨለማና አየር ባለበት ክፍል በ20 ዲግሪ ገደማ ሁለት ሳምንት ተቀመጠ። ስኳሩ ቀነሰ፣ ቢሆንም እንደ መጀመሪያው አልሆነም። አሁን ድንች በጆንያ፣ በርብራብ ላይ፣ በጥላ ይቀመጣል፤ የሚገዛውም የ10 ቀን ብቻ ነው።

ቀላል መፈተሻ፦ ከፋርማሲ የሚገዛው የሽንት ግሉኮስ መመርመሪያ ወረቀት። ድንቹን ለሁለት ቆርጦ ወረቀቱን ፊቱ ላይ መጫን፣ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው ሰዓት ቀለሙን ማየት። ግሉኮስን ብቻ እንጂ ፍሩክቶስን አያሳይም፤ ያም ሆኖ መጥፎውን ጆንያ ከመጥበስ በፊት ይለይልናል። ከአንድ ጆንያ አምስት ድንች፣ ከግንዱ በኩልም ከጫፉም።

ሳምንት 4፦ ማድረቅና ማጥለል

ቁራጩ በሁለት ቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል። የፊቱ ስታርች ካልወጣ ይጣበቃል፣ ዘይቱንም ያቆሽሻል። ከዚያ ግን ፊቱ ላይ የሚቀረው ውኃ ችግር ነው፤ ዘይቱን ያቀዘቅዛል፣ ቁራጩ ፊት ላይም ቀዳዳ ይከፍታል። በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ማድረቅና በቬንትሌተር ፊት 10 ደቂቃ ወንፊት ላይ መዘርጋት ተጨመረ።

ሁለተኛው ነገር ማጥለል ነው። ቺፕስ ዘይት የሚጠጣው በአብዛኛው ድስት ውስጥ እያለ አይደለም። ሲጠበስ የሚወጣው እንፋሎት ዘይቱን ወደ ውጭ ይገፋል። ከድስቱ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ወደ ውኃ ይመለሳል፣ ባዶ የሆነው ቦታም ፊቱ ላይ ያለውን ዘይት ይስባል። ስለዚህ ወሳኙ የመጀመሪያው 30 ሰከንድ ነው፤ ማጥለያውን ከድስቱ በላይ፣ እንፋሎቱ ውስጥ ይዞ ማንገጫገጭ። ሳፋ ላይ ክምር አድርጎ ማቀዝቀዝ በቀጥታ ስብ መጨመር ነው። ጋዜጣ ላይ ማጥለልም አይሆንም፤ ትኩስ ዘይት የኅትመቱን ቀለም ያነሳል። ያልታተመ ወረቀት ከማተሚያ ቤት በኪሎ ይገኛል።

በሁለቱ ለውጦች ስቡ 33.8 በመቶ ሆነ። ናሙና ላቦራቶሪ ተልኮ 33.1 መጣ። የእኛ የሚዛን ስሌት ትንሽ ማብዛቱ የሚጠበቅ ነው፣ የተረጨ ዘይት ሁሉ በቺፕሱ ላይ ይቆጠርበታል፤ ሠንጠረዡ ላይ ከፍ ያለውን ይዘናል።

በመሀል በ85 ዲግሪ ሙቅ ውኃ ለ3 ደቂቃ መንከር ተሞክሮ ነበር። ቀለሙ በጣም ነጣ፣ ስኳሩ ወጥቷል። ግን ስቡ ወደ 37 ተመለሰ፣ ቁራጩ ውኃ ጠጥቶ ነበርና። በቬንትሌተር 20 ደቂቃ ሲደርቅ 34.1 ሆነ። የሙቅ ውኃው ጉዳት ሌላም አለ፦ ፖታሺየምና ቫይታሚን ሲ ከስኳሩ ጋር ይወጣሉ። ውሳኔ፦ የግሉኮስ ወረቀቱ ቀለም ሲያሳይ ብቻ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም።

ወጪ፦ በዚህ ሳምንት የሱፍ ዘይት 5 ሊትር በ1,500 ብር ተገዛ፤ ሊትሩ 0.92 ኪሎ ስለሆነ ኪሎው 326 ብር ነው። ከ41 ወደ 33.8 በመውረዱ በአንድ ኪሎ ቺፕስ 72 ግራም ዘይት ቀረ፤ 23 ብር። ለጤና ተብሎ የተጀመረው ሥራ ቬንትሌተሩን ራሱ ከፈለ።

ሳምንት 5፦ በርበሬና ጨው

እስካሁን የነበረው ቀላሉ ክፍል ነው። ትልቁ ስሕተት የተገኘው እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ቅንብር ለ1 ኪሎ ቺፕስ 12 ግራም ጨውና 50 ግራም የተዘጋጀ በርበሬ ነበር። በወረቀት ስሌት ጨው 1.13 በመቶ። የላቦራቶሪው የክሎራይድ ልኬት (የጨው መጠን የሚሰላበት) 1.65 በመቶ አለ። መጀመሪያ የተጠረጠረው ሚዛኑ ነው፣ ቀጥሎ አነሳሰኑ። ሁለቱም ደህና ናቸው። ጥፋቱ በርበሬው ነበር፤ ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ 11 በመቶው ጨው ነው። 50 ግራሙ ይዞት የመጣው 5.5 ግራም ጨው የትም አልተቆጠረም። ሚጥሚጣም እንደዚሁ ነው፣ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ይብሳል።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። ጨው ውስጥ ሶዲየም 39.3 በመቶ ነው፤ በ100 ግራም ቺፕስ 444 ሚሊ ግራም ብለን ልንጽፍ የነበረው በእውነቱ 648 ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ጨው በታች ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ ከዚህም ማነስ አለበት። አንድ ሰው እሽጉን አንብቦ ለደም ግፊት ታማሚ እናቱ ሊገዛላት ይችላል። የተሳሳተ ቁጥር ከመጻፍ ባዶ መተው ይሻላል።

መፍትሔ፦ በርበሬው ያለ ጨው ተዘጋጀ። ዛላው ደርቆ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ድንብላልና በሶብላ ጋር፤ ጨው አልገባም። ዛላ ሲመረጥ ጥቁር ነጠብጣብ ወይም የሻጋታ ሽታ ያለው አንድም አይገባም። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በመፍጨትም በማመስም አይጠፋም። ወፍጮ ቤት ከእኛ በፊት የተፈጨው ጨው ያለበት በርበሬ ሊሆን ይችላል፤ የመጀመሪያው ግማሽ ኪሎ ለብቻው ይቀመጣል፣ ለቺፕስ አይውልም።

ጨውን መቀነስ ማለት ጣዕም ማሳጣት አይደለም። አዮዲን ያለበትን የገበታ ጨው እንደ ዱቄት እስኪደቅቅ ፈጭተነዋል። የደቀቀ ጨው ምላስ ላይ ወዲያው ይሟሟል፣ ቺፕሱ ላይም ይጣበቃል፤ እንክብሉ ግን እሽጉ ታች ይወርዳል፣ የመጨረሻውን እፍኝ የሚበላው ሰው የሁሉን ጨው ይበላል። የሚነሰነሰው ከድስት በወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነው፣ የፊቱ ዘይት ገና እርጥብ እያለ። ድስቱ ውስጥ በርበሬ መጨመር ፈጽሞ አይሆንም፤ በ175 ዲግሪ በሴኮንዶች ያራል፣ ዘይቱንም ያበላሻል።

አዲሱ ቅንብር፦ 11 ግራም ጨው፣ 40 ግራም ጨው የሌለው በርበሬ። ከ51 ግራሙ ሳፋ ላይ የቀረው 7 ግራም ነው፤ የተጣበቀው 44። ጨው 0.91 በመቶ፣ ሶዲየም 358 ሚሊ ግራም በ100 ግራም። ቅምሻ ላይ ከመጀመሪያው ጋር ጎን ለጎን ቀርቦ ልዩነቱን ያነሳ ጥቂት ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱና ኮረሪማው የጨውን ቦታ ይሞላሉ።

በርበሬ ካሮቲኖይድ (ከፊሉ በሰውነት ውስጥ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጥ ቀለም) አለው። ግን በ30 ግራም እሽግ ውስጥ ያለው አንድ ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ «በቫይታሚን የበለጸገ» የሚል ቃል እሽጋችን ላይ አይወጣም።

ሳምንት 6፦ የትኛው ዘይት

የሚረጋው የፓልም ዘይት ርካሽ ነው፣ ሙቀትም ይችላል። ከስቡ ግማሹ ያህል ግን ሳቹሬትድ (ሲበዛ ለልብ የማይመከረው የስብ ዓይነት) ነው። የሱፍ 11 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። በአንድ 30 ግራም እሽግ ውስጥ 9.7 ግራም ስብ ስላለ በፓልም 4.8፣ በሱፍ 1.1 ግራም ሳቹሬትድ ይሆናል። በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ለሚበላ ሰው ጣሪያው 22 ግራም ገደማ ነው።

ሱፍ ተመረጠ፤ ዕዳው ግን አለው። ቶሎ ይወፍራል፣ አረፋው እየደቀቀ ከድስቱ ዳር ይወጣል። በየምሽቱ በወፍራም ጨርቅ ማጥለል፣ ጨለማ ቦታ በተከደነ ዕቃ ማኖር፣ የጎደለውን በአዲስ መሙላት። የመዳብና የዛገ ብረት ዕቃ አይነካውም፤ ብረት ዘይት ማርጀቱን ያፋጥናል። በ170 የሚጨስ፣ አረፋው የማይከስም ወይም ጣት መሀል የሚሳብ ዘይት አሮጌ ላይ አዲስ በመጨመር አይድንም፣ ይወገዳል። በእኛ አሠራር ከ30 ዙር በኋላ ነው የሚወገደው። ኑግ ዘይት መዓዛው ደስ ይላል፣ ግን ለተደጋጋሚ ጥብሳት አይመችም፤ ቶሎ ይቆመጥጣል።

ሳምንት 7፦ ሠንጠረዡ

ስቡ በቅመሙ ይቀጥናል፦ 33.8 ለ1.044 ሲካፈል 32.4። ፕሮቲን ከላቦራቶሪ 6.1፣ ውኃ 2.1፣ አመድ (ሲቃጠል የሚቀረው ማዕድን) ከነጨው 3.9። የቀረው 55.5 ካርቦሃይድሬት ነው፤ ከዚህ ፋይበሩ 4.5። ኃይሉ፦ ስብ በ9፣ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት በ4፣ ፋይበር በ2 ሲባዛ 291.6፣ 24.4፣ 204 እና 9፤ ድምሩ 529 ኪሎ ካሎሪ በ100 ግራም። በእሽግ 159 ኪሎ ካሎሪ፣ 9.7 ግራም ስብ፣ 0.27 ግራም ጨው።

ቫይታሚን ሲ አልተለካም፣ አይጻፍም። ጥሬው በ100 ግራም 20 ሚሊ ግራም አለው ተብሎ በአራት ማባዛት ሐሰት ነው፤ በመታጠብም በሙቀትም ይጎድላል።

እሽጉ፦ ብርሃን የሚያስገባው ላስቲክ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ በ11 ቀን የቆየ ዘይት ሸተተ። ካርቶን ውስጥ የቆየው አራት ሳምንት ሄደ። ውስጡ ብርማ ወደሆነው ከረጢት ተዛውረናል፣ በፍሬው ዋጋው እጥፍ ነው።

ከሀገረ ሰላም 40 ኪሎ ሌላ ጆንያ ገብቷል። 20 ተፈትኖ 13 ሰመጠ፣ የግሉኮስ ወረቀቱ ቀለም አልለወጠም። ሁለት ዙር ተጠብሶ ስቡ 35.1 ወጣ፤ ከተጻፈው ስለሚበልጥ የተንሳፈፉት ተለቅመው ልኬቱ እንደገና ይሠራል፣ እስከዚያ በዚህ ድንች እሽግ አይታተምም።